ምስሩ መቼ ተሠራ? የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ ምን ፈልጎ ይመጣል

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ገባ ብላ ካለች አንዲት ቁርስ ቤት ፍርፍር አዝዤ ተቀምጫለሁ። ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ጠዋቱ ሦስት ይጠጋል። ወረቀት የያዙ ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። አስተናጋጇ ወደ ጓዳ አንገቷን አስግጋ "ጤናዎች መጡ" አለች፤ ሹክ ያለች መስሏት እንጂ ቤቱ ሁሉ ሰምቷታል። ወዲያው መወልወያ ወጣ። ወለሉ ባንድ አፍታ አበራ። የኔንም ጠረጴዛ አንድ ልጅ መጥቶ፣ ገና ምንም ሳልበላበት፣ ሁለት ጊዜ ወለወለልኝ።

ተቆጣጣሪዋ ወለሉን ዞር ብላም አላየችው። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ የአንድ ትልቅ ድስት ክዳን አነሣች። መጋረጃው እኔ አጠገብ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ይሰማኛል።

"እናት፣ ይሄ ምስር መቼ ነው የተሠራው?"

"ትናንት ማታ ነው ልጄ። ለዛሬ ጾም ብዬ።"

"ከእሳት የወረደው ስንት ሰዓት ነው? ፍሪጅ የገባውስ?"

"ሲቀዘቅዝ ነዋ! ትኩሱን እንዴት አስገባዋለሁ? ማታ አውርጄው፣ ጠዋት ነው ያስገባሁት።"

ልጅቷ ጻፈች። ቴርሞሜትሯን አውጥታ ድስቱ መሀል ሰካችው።

የምግብ ቤት ቁጥጥር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጽዳት ነው፦ የሚያበራ ወለል፣ ነጭ ጋውን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት። ጽዳት ይጠላል ማለቴ አይደለም። ግን ሰው ውጭ በልቶ የሚታመመው ወለል ስላልተወለወለ አይደለም፤ ዓይን የማያየው ነገር ምግቡ ውስጥ ስለተራባ ነው። እሱን ደግሞ ተቆጣጣሪዋም በዓይኗ አታየውም። ስለዚህ የምትመጣው በሚታየው የማይታየውን ልትገምት ነው፣ የምትጠይቀውም ስለ ሰዓት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ እጅና ስለ ውኃ ነው። ነገር ፍለጋ የሚመስለው እያንዳንዱ ጥያቄዋ ከኋላው አንድ የታወቀ በሽታ አለው።

የምስሩን ነገር እንየው። ምግብ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚወዱት ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የበሰለ ምግብ በዚህ መሀል ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ከ5 በታች ሲሆን መራባታቸው በጣም ይዘገያል፣ ከ60 በላይ ይቆማል። ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ሲመቻቸው ግን በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። ሒሳቡን ላልሠራው ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። በሦስት ሰዓት አንዷ 512 ትሆናለች። በስድስት ሰዓት ግን ከ262 ሺህ ትበልጣለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከእሳት ወርዶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ የገባ ድስት ዘጠኝ ሰዓት ውጭ አድሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ብርድ ያታልለናል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ "ውጭ ቢያድርም ፍሪጅ ነው" እንላለን። ሃያ ሊትር የሚይዝ ድስት ላዩ ሲቀዘቅዝ መሀሉ ግን ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ወፍራም ወጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን አቅፎ ይዞት ያድራል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሲፈላ የማይሞት፣ እንደ ዘር የደረቀ ቅርፊት ያለው መልክ አለው። መፍላቱን ችሎ ይቆይና ድስቱ ለብ ሲል ነቅቶ መራባት ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለብዙው ተራ ባክቴሪያ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዚህ ቅርፊት ግን 100ም አይበቃው።

"ጠዋት በደንብ አሙቄዋለሁ" የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ያድናል። ሙቀቱ የምግቡ መሀል 70 ዲግሪ ከደረሰ የተራባውን አብዛኛውን ይገድለዋል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ግን ከመሞታቸው በፊት መርዝ ጥለው ያልፋሉ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በቆሰለ ጣትና በአፍንጫ ውስጥ የሚኖረው፣ የሚጥለው መርዝ ሲፈላ አይጠፋም። ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የሚጥለው የማስታወክ መርዝም እንደዚያው ነው። ወጡ ይፍላ እንጂ መርዙ እዚያው ነው።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ትልቁን ድስት ዝቅ ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ቶሎ ማቀዝቀዝና ወደ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ትኩስ ድስት ፍሪጅ ያበላሻል የሚለው ፍርሃት ትክክል ነው፤ ግን የፍርሃቱ መልስ ድስቱን ማሳነስ እንጂ ውጭ ማሳደር አይደለም።

የጾም ምግብ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ እምነት አለን። ሥጋ ስለሌለው አያሳምምም ብለን እናስባለን። ምስር፣ ክክና ሩዝ ግን ውኃና ፕሮቲን ወይም ስታርች የሞላባቸው፣ ለባክቴሪያ ግብዣ ናቸው። በየዓይነቱ ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት ምግብ ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ የሚጨለፍበት ማዕድ ነው፤ ጎመኑ ከእሳት ከወረደ ስንት ሰዓት እንደሆነው ማንም አይጠይቅም። ተጋቢኖ ሽሮ በተቃራኒው ከሁሉ የተሻለ ነው፦ በየትዕዛዙ ይሠራል፣ እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣነቱ ይጠብቀዋል፤ ሻጋታ ቢያወጣ እንጂ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቀላሉ አይራቡበትም። ድሮም እናቶቻችን እንጀራ ሦስት ቀን አድሮ ሲበላ የማይጨነቁት፣ ወጥ ሲሆን ግን ጠዋትና ማታ የሚያፈሉት ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የእጅ ነው። ተቆጣጣሪዋ ከድስቱ ቀጥላ የሄደችው መጸዳጃ ቤት ነበር። ሳሙና አለ? ቧንቧው ውኃ ይወርደዋል? ማድረቂያው ምንድን ነው? አንድ ፎጣ ለእጅም፣ ለጠረጴዛም፣ ለቢላም ከሆነ እጅ መታጠቡ ትርጉም የለውም። አብሯት የመጣው ወጣት ደግሞ የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ካርድ እያገላበጠ ነው። ምግብ የሚነካ ሁሉ በየጊዜው ሰገራውን ጭምር መመርመር አለበት። ካርዱ ጥሩ ነው፤ ግን ከሚገባው በላይ እናምነዋለን። ምርመራው የሚናገረው ስለዚያች አንዲት ቀን ነው። የታይፎይድ ተሸካሚ የሆነ ሰው ባክቴሪያውን ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ይዞ፣ ምንም ሳያመው፣ አንድ ቀን በሰገራው ሊያወጣ ሌላ ቀን ላያወጣ ይችላል። በዚህ ላይ ማክሰኞ ንጹሕ ካርድ የያዘች ወጥ ሠሪ ሐሙስ ጣቷን ልትቆርጥ ትችላለች። ለዚህ ነው ጥሩ ተቆጣጣሪ ካርዱን አይቶ ዓይኑን ወደ ጣቶቹ የሚመልሰው፦ ቁስል፣ ጥፍር፣ ቀለበት። እንደኔ ከሆነ በርጩማ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሳሙና ከአሥር ካርድ ትበልጣለች።

ሦስተኛው ውኃ ነው። የመሀል ከተማ ምግብ ቤት ሁሉ ፈረቃ ያውቃል፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ሮቶ፣ ጓዳ ውስጥ በርሜልና ጀሪካን አለ። ውኃው ከቧንቧ ሲመጣ ክሎሪን ይዞ ነው የሚመጣው። ክዳኑ በተሰነጠቀ ሮቶ ውስጥ ቀናት ሲያድር ግን ክሎሪኑ ያልቃል። ተቆጣጣሪዎች ትንሽ ኪኒን ውኃ ውስጥ ጥለው ሲሞክሩት ወደ ሮዝ ቢለወጥ ክሎሪን አለ ማለት ነው፤ ቀለም ሳያወጣ ከቀረ የለም። በ2008 ክረምት አተት፣ አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት፣ ከተማችን ሲገባ ከተማው ሁሉ ስለ ውኃና ስለ ሰላጣ ያወራ ነበር። ሰላጣና ቆስጣው ከየት እንደሚመጣ፣ የየትኛው ወንዝ ውኃ እንደሚያጠጣው ያኔ ትዝ ያለን ብዙ ነን። ዕቃ ማጠቢያው ባለ ሦስት ክፍል ይሁን የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ አንዱ በሳሙና ማጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ ደግሞ በረኪና ያለበት ወይም ትኩስ ውኃ የያዘ ነው። በአንድ ሳፋ መቶ ሳህን ማጠብ መቶውን ሰው ከአንድ ሳህን ማብላት ነው።

ስለ ሥጋ ሳላወራ ብቀር ቁርጥ ወዳጆች አይምሩኝም። ቁርጥና ክትፎ ላይ የእኛ ቁጥጥር ከሌላው ዓለም ይለያል። ሌላው አገር ሥጋው ላይ ያለው በሽታ ከቄራው ሐኪም ቢያመልጥ ምድጃው ይይዘዋል። እኛ ጋ ከሐኪሙ ቢላና ከሚጥሚጣው መካከል ምንም የለም። በቄራ የእንስሳት ሐኪም ከብቱን ሁለት ጊዜ ያያል፣ ቆሞ እያለና ከታረደ በኋላ። ከታረደ በኋላ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ ትከሻውን ሰንጠቅ እያደረገ የሚፈልገው አለ። ከሚፈልገው አንዱ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ውስጧ ውኃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ናት። ይህች የኮሶ ትል ልጅ ናት። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ሣር ላይ ይቀራል፣ ከብት ሣሩን ይግጣል፣ ትሉ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ይቋጠራል፣ ሰው ጥሬውን ሲበላ ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ሜትሮች ይረዝማል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ፊታቸውን አጨማደው ኮሶ የሚጠጡት ለዚህ ነበር።

ሐኪሙ ፊኛዋን ካገኘ ሥጋው እንደ ብዛቷ ይወገዳል ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ አሥር ቀን መቆየት ትሉን ይገድለዋል። ካላገኘ ማኅተሙን ይመታል። ማኅተሙ ላይ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ጥቂት ፊኛ ብቻ ያለበት ከብት አምስትና ስድስት ቦታ ቢሰነጠቅም ሊያመልጥ ይችላል፤ ይህ የሐኪሙ ስንፍና ሳይሆን የዘዴው ወሰን ነው። ጡንቻውን ሁሉ እየከታተፈ ቢያይማ ለሥጋ ቤት የሚደርስ ብልት አይኖርም። ሁለተኛ፣ ማኅተሙ ስለ ቄራው እንጂ ከቄራው በኋላ ስላለው አይናገርም። ሥጋ ቤት ስትገቡ ግንዱ ተፍቋል ወይ? ቢላው ለሆድ ዕቃውና ለቁርጡ አንድ ነው? ቆራጩ ብር ይቀበላል? ብዙ ሥጋ ቤቶች ገንዘብ ተቀባይ ለብቻ የሚያስቀምጡት ሒሳብ እንዳይጠፋ ብቻ አይደለም። በየግቢው የሚደረገው እርድ ደግሞ ከሐኪሙ ዓይንም ውጭ ነው። ለበዓል በቅርጫ የምንካፈለው በሬ ማንም ያላየው በሬ ነው፤ ለእሱ ለብለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ጥብስ ይሻላል፤ እኔም ይህን ሳላከብር የቀረሁበት ፋሲካ አለ።

ለመሆኑ የሚመጡት ከየት ነው? ባጭሩ፣ ከውጭ የሚገባውንና ፋብሪካ የሚያመርተውን የሚያየው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የሚሠራበት ሕግ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። ምግብ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ ጁስ ቤቱን የሚያየው የከተማው ነው፤ በየክፍለ ከተማው፣ በአራዳም በቂርቆስም በልደታም፣ ሠራተኞች አሉት። ሚዛንና የንግድ ፈቃድ የንግድ ቢሮ ነው፣ ቄራ ያለው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነው። ስለዚህ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት የተለያየ መታወቂያ ቢታይ አይገርምም። ባለቤት የሆነ ሰው መታወቂያና የተላኩበትን ደብዳቤ መጠየቅ መብቱ ነው፤ እውነተኛዎቹ አይከፋቸውም። ሙያው ራሱ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1940ዎቹ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒቴሪያን የሚባል ባለሙያ ያሠለጥን ነበር፤ አሁን የአካባቢ ጤና ባለሙያ የምንላቸው የእነዚያ ተተኪዎች ናቸው።

ዓይንና ቴርሞሜትር የማይደርሱበት ነገርም አለ። የሸክላ ዱቄት የገባበት በርበሬ፣ ሙዝና የአትክልት ዘይት የተለወሰበት ቅቤ፣ ስኳር የሆነ ማር፣ ጀሶ የገባበት እንጀራ። እነዚህ ላይ ተቆጣጣሪው መጠርጠር እንጂ መፍረድ አይችልም። ናሙና ወስዶ፣ አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶና ባለቤቱን አስፈርሞ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ማሸጉና ማስፈረሙ ቢሮክራሲ ይመስላል፤ ግን ያለእነሱ ውጤቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ "ይሄ የኔ በርበሬ አይደለም" ለሚል ሰው መልስ አይኖርም።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ በላተኞቹ ልምጣ። ሲያመን ወዲያው የምንከስሰው መጨረሻ የበላንበትን ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ተሳስተናል። የስታፊሎኮከስ መርዝ ከተበላ በኋላ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል፤ እዚህ ላይ የመጨረሻውን ቤት መጠርጠር ያስኬዳል። ፐርፍሪንጀንስ ከስድስት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ይወስዳል። ሳልሞኔላ ከስድስት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ታይፎይድ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው፣ አሜባም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ ታይፎይድ ይዞኛል የሚል ሰው መክሰስ ያለበት የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ምሳውን ነው፤ እሱን ማን ያስታውሳል! በዚያ ላይ "ታይፎይድ አለብህ" የሚባልበት የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠራ ብዙ ያሳስታል፤ ከዓመት በፊት ለታመመው ወይም በሌላ በሽታ ትኩሳት ለያዘው ሰውም አለ ይላል። ከጓደኞቼ መካከል በዓመት ሦስት ጊዜ ታይፎይድ የያዘው አለ፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ቁም ነገሩ፦ አንድ ላይ የበሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በተቀራራቢ ሰዓት ከታመሙ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ያን ጊዜ የበላችሁትን፣ የበላችሁበትን ሰዓትና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጽፋችሁ፣ ደረሰኝ ካለም ይዛችሁ፣ ክፍለ ከተማችሁ ካለው ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የፌዴራሉም 8482 የሚባል ነጻ መስመር አለው። "እዚያ ቤት መርዝ ነው" ብሎ ከመጻፍ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይሻላል፤ ተቆጣጣሪው የሚመራው በሰዓት ነውና።

ጥፋት ሲገኝ ሁልጊዜ በር አይታሸግም። ቀላል ከሆነ በቃል ይነገራል። ቀጥሎ ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ካልታረመ ማሸግ፣ ከዚያም የብቃት ማረጋገጫውን ማገድ ወይም መሰረዝ አለ። በር ላይ ማኅተም ያለበት ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ስናይ ብዙ ጊዜ ያ የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን የሦስተኛው ጉብኝት ውጤት ነው። ለጤና በቀጥታ የሚያሰጋ ምግብ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። እዚያው ይወገዳል።

ቴርሞሜትሩ ያሳየውን አልሰማሁም። ልጅቷ ግን ወረቀቱን አስፈርማ ስታበቃ "ይሄን መድፋት አለብን፣ እናት" አለች።

"ይሄን ሁሉ?"

"ሁሉንም። እኛ እያየን።"

የቤቱ ባለቤት ዝም አሉ። ምስር በኪሎ ስንት እንደሆነ፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ ስንት እንደወጣበት እያሰሉ መሆኑን ፊታቸው ላይ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የዓርብ ምሳ ገበያቸው በሞላው ነው። ጠረጴዛዬን የወለወለው ልጅ አብሯቸው ድስቱን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።

ሲመለሱ "ከሰዓት በኋላ አዲስ ብሠራስ?" ሲሉ ሰማኋቸው።

"ይሥሩ እንጂ። በትልቁ ድስት ግን አያሳድሩት፤ በሦስት ትሪ ይክፈሉት።"

የኔ ፍርፍር መጣ፣ ሲፋጅ። አስተናጋጇ ስታስቀምጥልኝ ጎንበስ ብላ፣ "ይሄ አሁን ነው የተሠራው" አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።